አድዋ ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2? «ዛሬ በታሪክ» ለሚያዘጋጁ

ጥያቄ፦ «በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ በየጠዋቱ አምስት ደቂቃ የሚሆን "ዛሬ በታሪክ" አለ፤ አዘጋጁ እኔ ነኝ። ከየቦታው የሰበሰብኩት ዝርዝር እርስ በርሱ ይጋጫል። አድዋ አንዱ ጋ ማርች 1፣ ሌላው ጋ ማርች 2 ነው። ሁለት የቀን መለወጫ አፕ ብሞክር ሁለት መልስ ሰጡኝ። ስህተቱ የቱ ነው? ተማሪዎቹም "ይህ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን መሆኑ ምን ማለት ነው?" ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

ምላሽ፦ ጦርነቱ የተካሄደው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ያ ዕለት በአውሮፓውያኑ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። የካቲት 23 ዛሬ ዛሬ የሚውለው ግን ማርች 2 ላይ ነው። ስለዚህ «ማርች 1» የሚለው ጦርነቱ የተካሄደበትን ዕለት፣ «ማርች 2» የሚለው በዓሉ በእኛ ዘመን የሚውልበትን ዕለት እየነገረዎ ነው፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። የተሳሳተው «ማርች 2 ቀን 1896» ብሎ የጻፈው ነው። ያ ቀን ሰኞ ነው፤ የካቲት 24። ውጊያው ተጠናቆ አድሯል።

ምክንያቱ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው ይዘለዋል። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ፣ ያለ አንዳች ልዩነት፣ 6 ትሆናለች። አውሮፓውያኑ ዛሬ የሚጠቀሙበት የግሪጎሪያኑ አቆጣጠር ግን መቶ የሚሞላበትን ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29ን ይነፍገዋል። 1700፣ 1800 እና 1900 ያችን ቀን አላገኙም፤ 2000 አግኝቷል። እነሱ አንድ ቀን በዘለሉ ቁጥር እኛ ከእነሱ አንድ ቀን ወደ ኋላ እንቀራለን። አድዋ የተካሄደው ከ1900ው ዝላይ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ እኛ የምንኖረው ከዝላዩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2100 ደግሞ ሌላ ዝላይ አለ፤ ከዚያ ወዲያ የካቲት 23 ማርች 3 ላይ ይውላል።

መስመሩን በትክክል ማወቅ ይጠቅማል። የካቲት 22 ቀን 1892 ዓ.ም. ማርች 1 ቀን 1900 ነበር። ከዚያ ዕለት ወዲህ ላለ ማንኛውም ቀን ዛሬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ የእኛንና የአውሮፓውያኑን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳየው ማመሳከሪያ ይሠራል። ከዚያ በፊት፣ እስከ የካቲት 1792 ድረስ ላለው መቶ ዓመት፣ ማመሳከሪያው ከሚሰጥዎ የአውሮፓ ቀን ላይ አንድ ይቀንሱ። ከዚያም በፊት ላለው መቶ ዓመት ሁለት ይቀንሱ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1582 በፊት የሆነ ነገር ከሆነ ማመሳከሪያውን ጨርሶ ይተዉት፤ ያኔ የግሪጎሪያን አቆጣጠር የሚባል ነገር አልነበረም፤ የአውሮፓ መጻሕፍትም የሚጠቅሱት ከግሪጎሪያኑ በፊት የነበረውን የጁልያኑን አቆጣጠር ቀን ነው። ከጁልያን ጋር ያለን ዝምድና ደግሞ አይናወጥም፦ መስከረም 1 ኦገስት 29 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ኦገስት 30።

በዚህ ሚዛን ጥቂት የታወቁ ቀኖችን ይመዝኑ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ተፈረመ። የዛሬው ማመሳከሪያ ሜይ 3 ይልዎታል፤ አንድ ሲቀነስ ሜይ 2 ቀን 1889፤ ትክክል። ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው፤ ማመሳከሪያው ኤፕሪል 14፣ እውነቱ ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ ሰኞ። ዓፄ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836፣ ኦገስት 17 ቀን 1844፤ ይህም በደንብ የተለወጠ ነው። አሁን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ልደት ይመልከቱ። በየቦታው ሐምሌ 16 ቀን 1884 እና ጁላይ 23 ቀን 1892 ጎን ለጎን ተጽፈው ያገኟቸዋል። ሁለቱ አንድ ዕለት አይደሉም። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓርብ ነበር፤ በአውሮፓውያኑ ጁላይ 22። ጁላይ 23 የሚለው ቁጥር የሚገኘው የሃያኛውን መቶ ዓመት ማመሳከሪያ በአሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲጭኑት ነው። ስለዚህ በአማርኛ ለሚተላለፍ ዝግጅት ሐምሌ 16ን ይያዙ፤ የፈረንጁን ቀን መጥቀስ ካለብዎ አንድ መስመር ማብራሪያ ይጨምሩበት፤ አለበለዚያ አንድ ጎበዝ ተማሪ አፕ ከፍቶ ያፋጥጥዎታል።

እስካሁን ያየነው ከመቶ ዓመት ወደ መቶ ዓመት ያለውን መንሸራተት ነው። በየአራት ዓመቱ የሚመጣ ሌላ መንቀጥቀጥም አለ፤ ለዕለታዊ ዝግጅት የበለጠ የሚያስቸግረው እሱ ነው። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ስትሆን መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል። ያ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ 29 ይዘልቅና በማርች 1 ይስተካከላል። ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት 21፣ ሁሉም ቀን ከለመዱት በአንድ ይለያል። በዚያ ዓመት ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ የሚውለው፣ ገናም በታኅሣሥ 29 ፈንታ ታኅሣሥ 28 የሚከበረው በዚሁ ሳቢያ ነው። የዓመቱን ወንጌላዊ ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ያካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ።

ይህ ነገር «በአንድ ቀን የሆኑ» የሚባሉትን ክስተቶች እንዴት እንደሚያፋልስ በሁለት ገጽ ላሳይዎ። የፈረንጆቹ «ሴፕቴምበር 12» ገጽ ላይ የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን መውረድና የኢትዮጵያ ሚሌኒየም አብረው ይቀመጣሉ፤ አንደኛው 1974፣ ሁለተኛው 2007። በእኛ ግን ንጉሠ ነገሥቱ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967፣ ሚሌኒየሙ መስከረም 1 ቀን 2000 ነው። ሚሌኒየሙ የገባው ከዘመነ ሉቃስ ማግስት ስለሆነ በአንድ ቀን ተገፍቶ ነው ሴፕቴምበር 12 ላይ የወደቀው። የፈረንጁን ገጽ እንዳለ ተርጉመው «መስከረም 2» ላይ ቢለጥፉት እንቁጣጣሽን በማግስቱ አከበሩ ማለት ነው።

ሁለተኛው «ሴፕቴምበር 11» ነው። በቺሊ መፈንቅለ መንግሥት የተካሄደው በ1973፣ የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች የተመቱት በ2001፤ ሁለቱም መስከረም 1 ላይ ውለዋል፣ 1966 እና 1994 ዓ.ም.። የሶቪየት ኅብረት መሪ የነበረው ኒኪታ ክሩሽቼቭ የሞተውም በሴፕቴምበር 11 ነው፣ በ1971፤ ግን ያ ዕለት መስከረም 1 አይደለም፣ ጳጉሜን 6 ቀን 1963 ነው። ጳጉሜን ላይ ሳለሁ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ አዘጋጅ ገጾቹን በ12 ወር ሠርቶ ጳጉሜንን ይረሳታል። ከዚያም በሮም ኦሎምፒክ የአበበ ቢቂላን ማራቶን ማስቀመጫ ያጣል። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፣ ማለትም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ ሮም ላይ መሽቶ ሪባኑን ሲበጥስ እዚህ የ1953 ዋዜማ ነበር። ጳጉሜን 5 ምንጊዜም በዚህ ዘመን ሴፕቴምበር 10 ላይ ስለምትውል እዚህ ላይ አይደናገሩም።

ወሩን በስም የመተርጎም ልማድ ከዚህ ሁሉ ስሌት የበለጠ ስህተት ያመርታል። ሴፕቴምበርን «መስከረም»፣ ፌብሩዋሪን «የካቲት» ብለው ቁጥሩን ሳይነኩ ያልፋሉ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው ሜይ 25 ቀን 1963 ነው፤ «ግንቦት 25» ብለው የሚያነቡ አሉ፤ ትክክሉ ግንቦት 17 ቀን 1955 ነው። የግራዚያኒ ጭፍጨፋ የካቲት 12 ቀን 1929፣ በፈረንጁ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው፤ «የካቲት 12 ቀን 1937» የሚል ቅልቅልም አይጠፋም፤ ቀኑ የእኛ፣ ዓመቱ የነሱ። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ የውጭ ቀን ከሆነ የወሩን ስም በውጭው ስም ይተዉት፣ ከፊቱም «እ.ኤ.አ.» ይጻፉ። የእኛ ከሆነ «ዓ.ም.» ይበሉ። በድምፅ ሲያነቡም ሁለቱን በግልጽ ይለዩ፤ ሰሚ ወረቀቱን አያይምና። ዓመቱን ሲለውጡ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 መሆኑን አይርሱ፤ መቀየሪያው ታኅሣሥ 22 እና 23 አካባቢ ስለሆነ የታኅሣሥ ገጽ ሁለት ጊዜ ይታይ።

ከውጭ የሚመጡ «በአንድ ቀን ሆነ» የሚባሉ ወሬዎችም የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ዊልያም ሼክስፒር ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ሞተ፤ እስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስም በዚያው ቀን ይባላል። እስፔን ያኔ ግሪጎሪያን፣ እንግሊዝ ጁልያን ትቆጥር ነበር፤ በመካከላቸው አሥር ቀን አለ። በአንድ አቆጣጠር ሲታዩ ሼክስፒር የሞተው ሜይ 3 ነው። ሰርቫንቴስ ደግሞ ያረፈው በ22፣ የተቀበረው በ23 ነው። ተመሳሳይ ቁጥር እንጂ ተመሳሳይ ዕለት አልነበረም። ኒውተን ጋሊሊዮ በሞተበት ዓመት ተወለደ የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ጋሊሊዮ ጃንዋሪ 8 ቀን 1642 በግሪጎሪያን፣ ኒውተን ዲሴምበር 25 ቀን 1642 በጁልያን። ኒውተንን ወደ ግሪጎሪያን ሲያመጡት ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ይሆናል፤ ዓመቱም ይለያል። እንግሊዝ አቆጣጠሯን የለወጠችው በ1752 ነው፤ ከሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ሆነ። ሩሲያ በ1918 ከጃንዋሪ 31 ወደ ፌብሩዋሪ 14 ዘለለች። ከእነዚህ ዓመታት በፊት በእነዚህ አገሮች የሆነ ነገር ሲያገኙ ምንጩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገር ሳያረጋግጡ አይለውጡ። የሩሲያው «የጥቅምት አብዮት» ኦክቶበር 25 በአሮጌው፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1917 በአዲሱ ነው፤ በእኛ ሲመጣ ጥቅምት 28 ቀን 1910 ላይ ያርፋል። ከሞስኮ ይልቅ አማርኛው ላይ ስሙ ከወሩ ጋር ተስማምቶ መቅረቱ ያስቃል።

ሰዓትም ቀን ይለውጣል። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ በዓለም አቀፉ ሰዓት ጁላይ 20 ቀን 1969፣ 20፡17 ነበር፤ በእኛ ከምሽቱ 5፡17፣ ሐምሌ 13 ቀን 1961። ኒል አርምስትሮንግ እግሩን ያሳረፈው ግን ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ቆይቶ ነው፤ እዚህ ሊነጋ ሲል 11፡56፣ ሐምሌ 14። አሜሪካኖቹ ሁለቱንም ጁላይ 20 ይላሉ፤ እነሱ ገና አልመሸባቸውም፣ ወይም ገና እኩለ ሌሊት አልሆነባቸውም። የናዚ ጀርመን እጅ መስጠትም ለምዕራቡ ሜይ 8፣ ለሞስኮ ሜይ 9 የሆነው በዚሁ የሰዓት ልዩነት ነው። ደንቡ፦ ክስተቱ በተፈጸመበት ቦታ ሰዓት የነበረውን ቀን ይያዙ፤ በአዲስ አበባ ሰዓት ሌላ ቀን ከሆነ በአንድ ሐረግ ይጥቀሱት።

የአማርኛ ምንጮች ላይ ደግሞ «አጥቢያ» የሚለውን ቃል ተጠንቅቀው ያንብቡ። «ለ15 አጥቢያ» ሲል በ14 እና በ15 መካከል ያለው ሌሊት ማለቱ ነው፤ በዘመኑ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በፊት ከሆነ ቀኑ 14 ነው። ብዙ የሌሊት መፈንቅለ መንግሥት፣ የሌሊት ሞትና የሌሊት ጉዞ በአንድ ቀን የሚዛነፈው እዚህ ጋ ነው። በአንጻሩ የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ያቆዩልን አንድ ጥሩ መደገፊያ አለ፤ ቀኑን በታቦት ስም ይጠሩታል። «በጊዮርጊስ ዕለት» ካሉ 23፣ «በሚካኤል» 12፣ «በማርያም» 21፣ «በመድኃኔ ዓለም» 27 ነው። አድዋ የጊዮርጊስ ዕለት ስለመሆኑ የሚነገረው ሁሉ የካቲት 23ን የሚያጸና ተጨማሪ ምስክር ነው፤ የማርች ቁጥር ቢጠፋብዎ እንኳ የእኛ ቀን አይጠፋብዎም።

የሳምንቱ ቀን ከሁሉ የበለጠ መፈተሻ ነው፤ በእጅ ይሠራል። ከባሕረ ሐሳብ፣ ከቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ የምንወስደው እንዲህ ነው፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምሩ፣ ዓመተ ዓለሙን ያገኛሉ። እሱን ለ4 አካፍለው ትርፉን ይጣሉ፤ የቀረው መጠነ ራብዒት ነው። ሁለቱን ደምረው ለ7 ያካፍሉ። 1 ቢተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ምንም ባይተርፍ ሰኞ። በአድዋ እንሞክረው። 1888 ሲደመር 5500፣ 7388። ሩቡ 1847። ድምሩ 9235፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ መስከረም 1 ቀን 1888 ረቡዕ ነበር። የካቲት ስድስተኛ ወር ነው፤ ከፊቱ አምስት ወር፣ 150 ቀን አለ፤ 23 ሲጨመር 173ኛው ቀን። ከመስከረም 1 በኋላ 172 ቀን አለፈ ማለት ነው፤ 172 ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ከረቡዕ አራት ቀን ወደ ፊት ሲቆጠር እሑድ። ምንጩ «እሑድ» ካለና ስሌቱም እሑድ ከሰጠ ቀኑ ጸንቷል። ስሌቱ ሰኞ ወይም ቅዳሜ ከሰጠዎ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ አንድ ቀን ስቷል። ገደቡም ይታወቅ፦ ምንጩ የሳምንቱን ቀን ካልጠቀሰ የሚያነጻጽሩት ነገር የለም፤ በሰባት ቀን የተሳተ ስህተትንም ይህ አይዝም።

ከቀኑ በፊት ደግሞ «የቱ ድርጊት?» ይባል። አሜሪካኖቹ ነፃነታቸውን በድምፅ የወሰኑት ጁላይ 2 ቀን 1776፣ የአዋጁን ጽሑፍ ያጸደቁት በ4 ነው፤ አብዛኞቹ የፈረሙት ኦገስት 2 ነው። ዓፄ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲሆን ሞታቸው ለሕዝብ ተሸሽጎ ቆይቷል። ንጉሥ ሲሞትና ሞቱ ሲታወጅ፣ ውል ሲፈረምና ሲጸድቅ፣ ጦርነት ሲጀመርና ሲያበቃ፣ ለእያንዳንዱ የተለያየ ቀን አለ። የመተማ ጦርነት መጋቢት 1 ቀን 1881 ተካሂዶ ዓፄ ዮሐንስ ያረፉት በማግስቱ ነው። «የመተማ ቀን» ብለው አንዱን ከመዝጋት ግሡን ይጻፉ፦ «ቆሰሉ»፣ «አረፉ»፣ «ታወጀ»።

ወደ ተማሪዎቹ ጥያቄ ልመለስ። በአንድ ቀን ብዙ ነገር መከሰቱ በራሱ ምንም ማለት አይደለም። ቀኖቹ 366 ናቸው፣ የሚታወሰው ክስተት እልፍ ነው። ዓመቱ ላይ በዘፈቀደ 23 ክስተቶች ቢበትኑ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቀን የመዋላቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል፤ ክፍል ውስጥ በልደት ቀን ሊሞክሩት ይችላሉ። ግን ሁሉም ግጥምጥሞሽ አጋጣሚ አይደለም። አንዳንዱን ቀን ሰዎች አስበውበት ይመርጡታል፤ አንዳንዱን ደግሞ የፊተኛው ክስተት ራሱ ይጎትተዋል። ለዚህ ኖቬምበር 9ን የሚያክል ማስተማሪያ የለም። በ1918 ጀርመን ንጉሣዊውን አገዛዝ ጥላ ሪፐብሊክ መሆኗ ታወጀ። በ1923 ሂትለር ሙኒክ ላይ ሥልጣን ለመንጠቅ በዋዜማው ማታ ተነሥቶ በ9 ከሸፈበት። በ1938 የናዚ መሪዎች ያንን ክሽፈት ለመዘከር ሙኒክ ተሰብስበው ሳለ ነው በአይሁዶች ላይ የጥቃቱ ሌሊት የተለቀቀው፤ ሦስተኛው በሁለተኛው ገመድ ተስቦ መጣ ማለት ነው። በ1989 የበርሊን ግንብ ሲከፈት ግን ቀኑን የመረጠው ማንም የለም፤ ቃል አቀባዩ ጉንተር ሻቦቭስኪ አዲሱ የጉዞ ደንብ ከመቼ ጀምሮ ይሠራል ሲባል ወረቀቱን ገልበጥበጥ አድርጎ «ወዲያውኑ» አለ፤ ሕዝቡም ወደ ኬላው ጎረፈ። ጀርመኖች ይህን የተደራረበ ቀን ብሔራዊ በዓል ከማድረግ ሸሽተው ኦክቶበር 3ን ይዘዋል። አራቱን ወደ እኛ ሲለውጧቸው ደግሞ የ1918፣ የ1938 እና የ1989ኙ ጥቅምት 30 ላይ ይውላሉ፤ የ1923ቱ ግን ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ጥቅምት 29 ቀን 1916 ነው። ለውጠው ቢደረድሯቸው አንዱ ከወንድሞቹ ይነጠላል፤ ታሪኩም ይበጠሳል።

ከአገር ቤት ሚያዝያ 27 አለ። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው የገቡት ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933። ከተማዋ ግን ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ነበር፣ 29 ቀን ቀድሞ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት መጨረሻ ሳይሆን በዚያች ዕለት መግባታቸውን «የሚገርም አጋጣሚ» ብለው ለተማሪ አያቅርቡ። ደርግ የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ማዛወሩ፣ በኋላም ወደ ሚያዝያ 27 መመለሱ ቀን ምን ያህል የፖለቲካ ዕቃ እንደሆነ ያሳያል። በአንጻሩ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የነበሩት ጆን አዳምስና ቶማስ ጀፈርሰን ሁለቱም ጁላይ 4 ቀን 1826፣ የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ በጸደቀ በ50ኛ ዓመቱ ዕለት መሞታቸው እውነት ነው፤ ይገርማል፣ ከመገረም አልፎ የሚፈታ ነገር የለውም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ ሌላ መንገድ ይኖራል፣ ከዚህ የሚያንስ ችግር ያለው ግን የለም። ለእያንዳንዱ ክስተት አንድ መልሕቅ ይስጡት። በኢትዮጵያ የተፈጸመው በኢትዮጵያ ቀኑ ይታሰር፤ ምንጊዜም በዚያው ቀን ይነበብ። በውጭ አገር የተፈጸመው በተፈጸመበት አገር ቀን ይታሰር፤ ያ ቀን ዘንድሮ በእኛ የትኛው ላይ ቢውል በዚያው ጠዋት ይነበብ። ኖቬምበር 9 አንዳንድ ዓመት ጥቅምት 30፣ በዘመነ ዮሐንስ ጥቅምት 29 ላይ ይነበባል ማለት ነው፤ አራቱ ክስተቶች ግን አይለያዩም። የተለወጠው ቀን በጽሑፉ ውስጥ ለማስረዳት ይግባ እንጂ መደርደሪያ አይሁን። የተለወጠን ቀን እንደገና መልሶ መለወጥም ክልክል ይሁን፤ አንድ ቀን የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ጉዞ ላይ ነው።

መዝገቡን በኤክሴል ከያዙ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በተራ ቁጥር ያስገቡ። ኤክሴል ከ1900 በፊት ያለን ቀን እንደ ቀን አያውቅም፤ 13ኛ ወር አያውቅም፤ «30/6/1933» ብለው የካቲት 30ን ቢጽፉለት ጁን 30 ነው ብሎ ዝም ይላል፤ ይባስ ብሎ ያልነበረችውን ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 እንደነበረች ይቆጥራል። በአራተኛው ዓምድ የመልሕቁን ዓይነት (ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ወይም ጁልያን)፣ በአምስተኛው የሳምንቱን ቀን፣ በስድስተኛው ግሡን ያኑሩ። የአድዋ መስመር ሲነበብ እንዲህ ይሁን፦ «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896፤ የኢትዮጵያ ጦር አድዋ ላይ የጣልያንን ጦር ድል አደረገ።» ማርች 2 በዚህ መስመር ውስጥ ቦታ የለውም።

አፖቹ ሁለት መልስ የሰጡዎ አንደኛው የዛሬውን ማመሳከሪያ ለሁሉም ዘመን ስለሚጭን ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ቀን ያስገቡ። የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 1 ቀን 1896 ይስጥ። መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ይስጥ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሲሉት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ይበል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ሲሉት ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልስ። ከእነዚህ በአንዱ የወደቀውን አፕ ከስልክዎ ያጥፉት፤ እስካሁን በእሱ የለወጧቸውንም በሙሉ እንደገና ከምንጩ ይጀምሩ።